ዓመት ያልደፈነ ቂም

ጃስማይ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል፣ ጭቃውን እየመረጠች ቁልቁል ወረደች። ጉንዳኑ፣ ቀያዩ ትል፣ አፈር ፈንቅሎ የወጣው የዝናብ ትል፣ ትናንት ማታ የበቀለው ለጋ ሣር፣ ሁሉም መንገዱን የራሱ አድርጎታል። እሷ እግሯን ከማሳረፏ በፊት ታያለች፣ ካሳረፈችም በኋላ መለስ ብላ ታያለች። በዚህ አካሄድ ከመንደሯ ተነስቶ ማሂ ወንዝ መድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙን ተሻግራ ካምባት ከተማ መግባት አለባት። ካልገባች ነገሩ አለቀ፣ ተስፋ የለውም።

«እማማ፣ ኧረ ትንሽ ፈጠን ይበሉ!» አለች ምራቷ ሩፓ ከኋላ፣ የናስ ማሰሮዋን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያዛወረች።

«ፈጠን ብዬ የማንን ነፍስ ልርገጥ?»

«ታዲያ ጋሪውን ለምን እምቢ አሉ? በሬዎቹ እንደሆኑ ቆመው ከማመንዠክ ሌላ ሥራ የላቸው!»

«እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው እኔን ይጎትቱ? በእኔና በእህቴ ጠብ በሬ ምን አገባው?»

ሩፓ ማሰሮውን ዘረጋች። «በሉ እሺ፣ ውሃ እንኳ ይጠጡ። እንደዚህ ሆነው ወንዙ ዳር ቢወድቁብኝ ልጅዎ ምን ይለኛል?»

ጃስማይ ፈልቶ የቀዘቀዘውን ውሃ ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። የጾምና የይቅርታ በዓሉ ስምንተኛና የመጨረሻ ቀን ነው፣ ስምንቱንም ቀን ከዚህ ውሃ ሌላ በአፏ የዞረ ነገር የለም። ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል። ምላሷ ግን እንደ ልማዷ ነው። የጃስማይ ሆድ ባዶ ይሆናል እንጂ አፏ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ነገ ጾሙ ይፈታል። መንደርተኛው ጋሪውን በአበባ አስጊጦ፣ ከበሮ አስመትቶ፣ ጃንጥላ ይዞላት ሊያዞራት ተዘጋጅቷል። የጨርቅ ነጋዴው ቤት ባልቴት፣ ክረምቱን ሙሉ ከማሂ ወንዝ አላልፍም ብላ ቃል የገባችው፣ ጿሚዋ፣ ደጓ ጃስማይ! ሕዝቡ እንዲህ ሲል እየሰማች ነው ወሩን ያሳለፈችው። እውነት እንነጋገር ከተባለ ደስ ብሏትም ነበር። አሁን ግን ያን ሁሉ ክብር ከኋላዋ ትታ፣ ወደዚያው አላልፈውም ወዳለችው ወንዝ እየሄደች ነው።

የእሷና የእህቷ ጠብ የጀመረው ባለፈው ዓመት በእናታቸው በማንኩባይ ሞት ነው። ማንኩባይ አርጅተው፣ በሽታውም ጠንቶባቸው፣ በአንዲት መነኩሲት ፈቃድ የመጨረሻውን ጾም ያዙ። መጀመሪያ እህሉን፣ ከዚያ ወተቱን፣ በመጨረሻ ውሃውን ተሰናበቱ። ማንም አላስገደዳቸው፤ ነፍሳቸው አዲስ ነገር ሳይጣበቅባት፣ በሰላም ትውጣ ብለው የመረጡት መንገድ ነው። ጃስማይ አልጋቸው ሥር ተቀምጣ ጸሎት ስታነብላቸው ከረመች። ታናሽ እህቷ ሂራይ ካምባት ከተማ ባሏ ቤት ሆና ምንም አልሰማችም። ሰምታ ስትመጣ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ቀዝቅዟል።

ያኔ ሂራይ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቴን በረሃብ ከገደልሻት በኋላ ነው የላክሽብኝ?» አለቻት።

በቃ። ውሃ ሳትቀምስ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ሰላምታም መልእክትም አልነበረም። ጃስማይ ቂሟን ቋጠረች፣ ሂራይም የራሷን ቋጠረች፣ ወንዙም በመካከላቸው ሞልቶ ጎደለ። ክረምቱ ሲገባ ጃስማይ ያን ቃል ገባች፤ በዝናቡ ወራት መሬቱ ሁሉ ነፍስ ነው፣ ብዙ መርገጥ ብዙ መግደል ነው፣ ስለዚህ ከማሂ ውሃ ወዲያ አልሄድም አለች። ሰው አደነቀ። እሷም ራሷን አደነቀች።

ዛሬ ጠዋት ግን እማሆይ ኡዳያሽሪ ጉድ አደረጓት። እማሆይ ክረምቱን በመንደሩ የተቀመጡ መነኩሲት ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ። ጃስማይ ልትሳለማቸው ገብታ፣ ማታ በይቅርታው ጸሎት ላይ መንደሩን በሙሉ፣ ቤት ለቤት፣ ይቅር በሉኝ ልትል እንዳሰበች ነገረቻቸው።

«መልካም ነው» አሉ እማሆይ። «ከመንደሩ ውስጥ ከማን ጋር ተጣልተሻል?»

«ኧረ ከማንም ጋር አልተጣላሁ!»

«ታዲያ ምኑን ነው ይቅር የሚሉሽ?»

ጃስማይ ሳቀች። እማሆይ አልሳቁም።

«ለእህትሽስ ማን ይንገርልሽ?»

«እሷ ወንዝ ማዶ ናት። እኔ ደግሞ ቃል አለብኝ፣ ያውቃሉ። ለትሎቹ ብዬ፣ ለሣሩ ብዬ...»

«ለትሎቹ» አሉ እማሆይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱ። «አቧራ በደረቅ ግድግዳ ላይ ቢበተን ይረግፋል። እርጥቡ ላይ ግን ይለጠፋል። ካርማ የምንለው የሥራችን አቧራ በዓለሙ ሁሉ ሞልቷል ልጄ፤ ዝም ብሎ አይይዘንም። ነፍስን የሚያረጥባት ቁጣዋ ነው፣ ኩራቷ ነው። አንቺ በጾም የቆየውን ታራግፊያለሽ፣ በጎን ደግሞ ራስሽን እያረጠብሽ አዲስ ትለጥፊያለሽ። ምን ዋጋ አለው?»

«እሷ አይደለችም እንዴ ነፍሰ ገዳይ ያለችኝ?»

«እሷ ናት። የእሷን እሷ ትጠየቅ። የአንቺ ቂም ግን ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓመት ይደፍናል። የዓመት ቂም ዓለት ላይ እንደ ወጣ ስንጥቅ ነው፣ መልሶ አይገጥምም። ከዚያ ወዲያ ከልደት ወደ ልደት ይከተልሻል። አንዴ እባብና ፍልፈል ሆናችሁ ትገናኛላችሁ፣ አንዴ ጭልፊትና ጫጩት። ማብቂያ የለውም።»

 «እና ቃሌን ላፍርስ?» አለች ጃስማይ።

«ቃልሽን አፍርሺ የምትል መነኩሴ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልልም።» እማሆይ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ቃል አፍርሳ ለመጣች ሴት ግን ምን ንስሐ እንደምሰጣት አውቃለሁ። ዓመት የደፈነ ቂም ይዛ ለመጣች ምንም የለኝም።»

እንግዲህ ጃስማይን ከጋሪዋና ከከበሮዋ አስነስቶ ጭቃ ውስጥ የከተታት ይህ ነው።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቀኑ አጋምሷል። ማሂ ሞልቶ ደፍርሷል፤ የተነቀለ ዛፍ ከነቅርንጫፉ ይዞ ይነጉዳል። ባሕሩ ከዚያ ሩቅ ስላልሆነ፣ ማዕበሉ በተመለሰ ቁጥር የወንዙን ውሃ ሽቅብ ይገፋዋል። የሱልጣኑ ኬላ ጠባቂዎች ትልቁን ጀልባ ደረቅ መሬት ላይ ጎትተው አስረውታል፣ እነሱም ድንኳናቸው ውስጥ ተኝተዋል።

በአካባቢው የነቃ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ቢኮ ይባላል፣ ዓሣ አጥማጅ ነው። ትንሽ ጀልባው አጠገብ ተቀምጦ በቆሎ እየጠበሰ ይበላል። መረቡ ከኋላው እንጨት ላይ ተሰቅሎ ደርቋል።

«እንደምን ዋላችሁ እሜቴ!» አለ ገና ከሩቅ። «መረቤን ልታዩ ከሆነ ያው፣ ተሰቅሏል። አልነካሁትም። የካምባት ነጋዴዎች ማኅበር በዓሉ እስኪያልፍ ዓሣ እንዳልነካ ቀለቤን ችሎኛል። እናንተ ስትጾሙ እኔ ወፈርኩ!»

«መረብህን ልቆጣጠር አልመጣሁም። አሻግረኝ።»

ቢኮ በቆሎውን ከአፉ አወጣ። እሷን አየ፣ ምራቷን አየ፣ ጀልባውን አየ። «በዚህ? ይህ እኮ የዓሣ ጀልባ ነው እሜቴ።»

«አፍንጫ አለኝ።»

«እማማ!» ሩፓ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ቅርፊቱ እንኳ አልተጠረገም! ደሙ ሳይቀር ይታያል እኮ! እዚህ ውስጥ ገብተው ነው ለጸሎት የሚቀመጡት?»

ጃስማይ አጎንብሳ አየች። እውነቷን ነው። የጀልባው ወለል በዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል፣ እንጨቱ ስንት ዘመን የጠጣው ደም አጥቁሮታል።  በዕድሜዋ ሙሉ እንቁላል ከተሰበረበት ቤት ውሃ አልጠጣችም።

«ባሕሩ ሊመለስ ነው» አለ ቢኮ ወደ ታች እያየ። «የምትሻገሪ ከሆነ... ይቅርታ፣ የሚሻገሩ ከሆነ አሁን ነው። ማዕበሉ ከደረሰ እኔም ነፍሴን እወዳለሁ።»

ጃስማይ እስከ ውሃው ጫፍ ሄደችና ቆመች። ቃል የገባችበት ወሰን ይኸው ነው። የቆሸሸ አረፋ እየመጣ የእግር ጣቶቿን ይነካካል። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀራት፣ እግሯ ግን አልነሳ አለ።

ዞር ብላ ብትሄድ ማን ይወቅሳታል? ሞክሬ ነበር፣ ወንዙ ሞላ፣ ትልቁ ጀልባ ታሰረ፣ ያለው የዓሣ ጀልባ ነው፣ ልትል ትችላለች። ሕዝቡም እሰይ ይላታል፣ ነገ ከበሮው ይመታል። ሰበቡ ሁሉ ተሟልቶ ቀርቦላታል። ግን እዚያው እንደቆመች፣ ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ነገር መጥቶ ፊቷ ተደቀነ።

እናቷ ውሃ ከመተዋቸው በፊት ባለው ቀን ጠርተዋት ነበር። «ጃስማይ፣ ሂራይን አትጥሪብኝ» አሏት። «እሷን ካየኋት መኖር ያምረኛል።»

ጃስማይ «እሺ» አለች። እሺ ብላም እንደ ጠጠር ዋጠችው። ታዲያ እኔስ? ቀን ከሌት አጠገብሽ የተቀመጥኩት፣ ገላሽን የማጥበው፣ እኔን እያየሽ መኖር አያምርሽም? እኔን ትተሽ መሄድ ይህን ያህል ቀላል ነው? ይህን እናቷን አልጠየቀቻቸውም፤ ነፍሳቸውን ላለማወክ ብላ። ለማንም አልተናገረችውም። ሂራይ ደጃፉ ላይ ያን ክፉ ቃል ስትናገር የጃስማይ ደም የፈላው በቃሉ ብቻ አልነበረም። በጃስማይ ፋንታ የተወደደችው ሂራይ ራሷ፣ ተበዳይ ሆና ስትጮኽ በማየቷ ነው እንጂ።

ኧረ ወዲያ! ለትሎቹ ብዬ! አለች በልቧ። ትሎቹ ይህን ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር።

«ሩፓ፣ አንቺ እዚሁ ቆዪ። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ የማፈርሰውም እኔ ነኝ።»

«ብቻዎን? ስምንት ቀን ጾመው? እንደሱማ አይሆንም፣ ሞቼ ነው!» አለች ሩፓ፣ እያለቀሰችም ቢሆን ነጠላዋን ሰብስባ ቀድማት ዘላ ገባች። ቅርፊቱ ላይ ልትንሸራተት ስትል ቢኮ ክንዷን ያዛት።

ጃስማይ እግሯን ከመሬት አንስታ ጀልባው ውስጥ አኖረችው። ሰማይ አልተደፋባትም። ቢኮ ገፋ አድርጎ ዘሎ ገባ።

ውሃው ወዲያው ተቀበላቸው። ጀልባዋ ወደ ጎን ስትነዳ፣ ቢኮ በረጅሙ እንጨት ሲታገል፣ ሩፓ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ስታቀላቅል፣ ጃስማይ ሁለት እጇን ጠርዙ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከሥሯ ያለውን ሽታ ላለማሰብ ሞከረች፣ አልቻለችም።

«ምን ቢቸኩሉ ነው ግን በዚህ ቀን?» አለ ቢኮ እያለከለከ።

«እህቴን ይቅር በይኝ ልላት።»

«ለዚህ?» ቢኮ ሳቁን ለቀቀው። «እኔና ወንድሜ ጠዋት በመረብ እንጋረፋለን፣ ማታ አብረን ጠጥተን ተቃቅፈን እንተኛለን። እናንተ ሀብታሞቹ ግን ለመታረቅም በዓል ትጠብቃላችሁ!»

በሌላ ቀን ቢሆን ጃስማይ ለዚህ የሚሆን ስለት ያለው መልስ አታጣም ነበር። ዛሬ ግን «እውነትህን ነው» አለችው።

ቢኮ ደነገጠ። «ኧረ ቀልዴን ነው እሜቴ።»

«እኔ አልቀለድኩም። አንተንም ይቅር በለኝ። በዚህ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬን ይዤ ነው ያለፍኩት።»

«እሱስ ይሸታል» አለ ቢኮ፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት። ከዚያ ወደ እንጨቱ ተመለሰ። መሐሉን አልፈው ጸጥ ያለው ውሃ ላይ ሲደርሱ፣ ከታች በኩል የባሕሩ ማዕበል እያጉረመረመ ሲመጣ ተሰማ። እሱም ጡንቻው እስኪወጣጠር ገፋ፤ ጀልባዋም ማዶ ጭቃው ውስጥ ተሰካች።

ካምባት ሲገቡ ፀሐይዋ የቤቶቹን ጣሪያ ልትነካ ትንሽ ቀርቷታል። ሱቆቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። በነጋዴዎቹ ሠፈር ሰው ነጭ ለብሶ ወደየጸሎት ቤቱ ይተማል፤ በየመንገዱም እጅ ለእጅ እየተያያዘ ይቅር በለኝ ይባባላል። ያዘኑም የሚስቁም አሉ። ሁለቱን ጭቃ የለበሱ ሴቶች ሲያዩ ግን መንገድ ለቀቁላቸው። ሽታውም ሳይረዳ አልቀረም።

የሴቶቹ ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው። «ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«ሂራይን። እህቷ ነኝ።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ታሪኩን የማያውቅ የለም ማለት ነው። «ውስጥ ናት። ግን አታናግርሽም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዝምታ ይዛለች፤ ነገ ፀሐይ እስክትወጣ ቃል አይወጣትም።»

ጃስማይ በዚህች ደቂቃ ከልቧ ልትስቅ ምንም አልቀራት። እኔ ወንዝ፣ እሷ ዝምታ! ከአንድ ማህፀን እንደወጣን ማን ይጠራጠራል? ይቅር በለኝ በሚባልበት ቀን አፏን የዘጋች ሴት! ሰውም አድንቋት ይሆናል።

ገባች። አዳራሹ በሴቶች ሞልቷል። መብራት የለም፤ የእሳት እራት እንዳትቃጠል መብራት አይበራም፣ በመስኮት የሚገባው የመሸ ብርሃን ብቻ ነው ያለው። ሂራይ ከምሰሶው ሥር ነጭ ለብሳ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትገፋለች። ከስታለች። ፀጉሯ ላይ ያልነበረ ሽበት ወጥቷል። ጃስማይን ስታይ እጇ ቆመ፣ ግን አልተነሳችም።

ጃስማይ በሴቶቹ መሐል አልፋ ፊቷ ተንበረከከች፤ ከዚያ ታላቅ ለታናሽ የማታደርገውን አደረገች። ጎንበስ ብላ በግንባሯ የሂራይን እግር ነካች። ከኋላ «ወይ ጉድ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አውቄም ሳላውቅም፣ በቃሌም በሐሳቤም ለበደልኩሽ ሁሉ ይቅር በይኝ» አለች። የተለመደው ቃል ነው፤ በየዓመቱ ለጎረቤት፣ ለውሃ ቀጂ፣ ለሁሉም የሚባለው።

ሂራይ እግሯን ሰበሰበች። ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ደንቡን ያህል፣ መቀበሏን አሳየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መቁጠሪያዋ መለሰች። ደንቡ ተፈጸመ። ጠያቂ ጠይቃለች፣ ተጠያቂ ሰምታለች። ጃስማይ ተነስታ ብትሄድ ማንም ጎደለሽ አይላትም።

እሷ ግን አልቀለላትም። ቃሉን ተናገረችው እንጂ ሆዷ ያው ነው፤ ያ ጠጠር ከተቀመጠበት ፈቀቅ አላለም። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጭቃ፣ ያን ሁሉ ውሃ የመጣሁት? አለች ለራሷ። ግድግዳው እርጥብ እንደሆነ ነው።

«ሂራይ» አለች። «ሌላም አለ። እማዬ ራሷ ናት አትጥሪብኝ ያለችኝ።»

መቁጠሪያው ቀጥ አለ።

«ሂራይን ካየኋት መኖር ያምረኛል አለች። አንቺን ፈርታ ነው። እኔን...» ጃስማይ ቀና ብላ የእህቷን ፊት አየች። «እኔን አጠገቧ አስቀምጣ መሞት ቻለች። ሁልጊዜ እዚያ ነበርኩ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔን አይታ መኖር አላማራትም። እሺ አልኳት። ቃሏን ጠበቅሁላት። ግን ሂራይ፣ ደስ ብሎኝ ነው የጠበቅሁት። አትምጣ፣ አትያት፣ ብዬ ነው። በረሃብ አልገደልኳትም። ይህንን ግን አድርጌያለሁ።»

 ሩፓ ደጃፉ ላይ የናስ ማሰሮዋን አቅፋ ቆማለች። ጃስማይ የተንበረከከችበት ወለል የዞረባት መሰላት፤ ስምንት ቀን ያልፈራችውን መውደቅ አሁን ፈራች። በእጇ መሬቱን ደገፍ አለች።

«ሞኝ!»

የተናገረችው ሂራይ ናት። ሴቶቹ «ተናገረች! ተናገረች!» እያሉ ተንሾካሾኩ፤ ወፍራሟ ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሞኝ ነሽ እትዬ» አለች ሂራይ፣ እንባዋ እየወረደ። «እኔ ብደርስ ኖሮ ምን የማደርግ ይመስልሻል? እግሯ ላይ ወድቄ፣ እሪ ብዬ፣ በግድ ሩዝ አጎርሳት ነበር! አታውቂኝም? ቃሏን አስፈርሼያት፣ በቁጭትና በሥቃይ ነበር የምትሄደው። እማዬም ታውቀኛለች፣ ለዚህ ነው የፈራችኝ።» የእህቷን ጭቃማ እጅ ያዘች። «በአንቺ እጅ ስለሆነች ነው እንደዚያ ቀላል ሆና የሄደችው። በማንም ሌላ ሰው እጅ አትሄድም ነበር። አንቺን መተው ቀሏት መሰለሽ? አንቺን አምናሽ ነው የሄደችው!»

 የጃስማይ አፍ ባዶ ሆነ፤ ልጆቿም ባሏም አይተው የማያውቁት ነገር ነው። ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ጠጠር ሲሟሟ ተሰማት፤ ጎንበስ ብላ የእህቷ ጉልበት ላይ ፊቷን ደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«ያን ቀን ደጃፉ ላይ ያልኩሽን...» ብላ ጀመረች ሂራይ።

«ተይው፣ ሰምቼዋለሁ» አለች ጃስማይ ፊቷን ሳታነሳ። «ጥርት ብሎ ነው የተሰማው፤ የሞተ ይቀሰቅስ ነበር።»

ሂራይ በለቅሶዋ መሐል ሳቋ አመለጣት።

የቤቱ አለቃ የሆኑት መነኩሲት ከፊት ዞር አሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ አይታወቅም፣ ሳቅም አይታወቅም። «ዝምታዋን ያፈረሰችው ማናት?»

«እኔ ነኝ እማሆይ» አለች ሂራይ።

«ይህችስ?»

«እኔ ደግሞ ከወሰኔ ወጥቻለሁ» አለች ጃስማይ። «በዓሣ ጀልባ ነው የመጣሁት።»

«ያስታውቃል» አሉ መነኩሲቷ። «ነገ ለሁለታችሁም ንስሐ አለኝ፤ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሁን ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ተቀመጡ።»

ሂራይ ከምሰሶው ሥር ጠጋ ብላ ለእህቷ ቦታ ለቀቀች። ሩፓም ገብታ ከኋላቸው ተቀመጠች። ጸሎቱ ተጀመረ፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ እየወጣ ሄዶ ጠፋ። የሴቶቹ ድምፅ አንድ ላይ ሆኖ፣ በረገጡት ሣር፣ በጠጡት ውሃ፣ በነደደው እሳት፣ በሚበር በሚዳኽ ነፍስ ሁሉ ላይ የሠሩትን እየጠራ ሄደ። ጃስማይ ቃሉን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፣ በመንደሯም ከሁሉ ጮክ ብላ የምታነበንበው እሷ ናት። ሕያዋንን ሁሉ ይቅር ብያለሁ፣ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም የሚባለው ቦታ ሲደርሱ ግን ሲቃ ያዛትና ድምፅዋ አልወጣ አለ።

ሂራይ አየቻት። ዝምታዋ እንደሆነ አንዴ ፈርሷል፣ ነገ የምትቀበለው ንስሐ አይቀርላትም። የእህቷን እጅ አጥብቃ ያዘችና፣ ሴቶቹ ሁሉ ዞር ብለው እስኪያዩዋት ድረስ፣ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም የሚለውን ቃል ለሁለቱም ጮክ ብላ አለችው።